ካርዱ መንዝ ድረስ አይመጣም

አክስቴ ከሜሪላንድ ስትደውል እዚህ እኩለ ሌሊት ነበር። እዛ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም።

«እማዬን ለማየት ልመጣ ነው» አለችኝ። እማዬ የምትላቸው አያቴን ነው። መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ይኖራሉ። ከጊዜ ወደ ጊዜ እየደከሙ ነው፣ ልጃቸውን ካዩ ደግሞ ዓመታት ተቆጥረዋል። አክስቴ ራሷ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት።

«እዚህ ብታመሚስ?» አልኳት።

«ኤዲያ! ትኬቱን በክሬዲት ካርዴ ነው የምቆርጠው። ካርዱ ኢንሹራንስ አለው።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ። የዛሬው ጽሑፍም ስለሷ ነው። «እኔ ክሬዲት ካርድ የለኝም፣ ምን አገባኝ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ስልክ የሚደወለው ለማን ነው? መኪና የሚያፈላልገው፣ ሆስፒታል የሚሯሯጠው፣ ደረሰኝ የሚሰበስበው ማን ነው? እናንተ ናችሁ። እኔም ነበርኩ።

በጥር 2015 ዓ.ም. የአጎቴ ልጅ ለጥምቀት ከአሜሪካ መጣ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ሁለት ወር ተኩል ቢሆነው ነው፤ ሰው ሁሉ ትንሽ ተንፈስ ያለበት ጊዜ ነበር። ዕቅዱ ጥምቀትን መሐል ሜዳ አክብሮ፣ ጓሳ ወጥቶ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አይቶ መመለስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሹፌር ያለው ፒክአፕ ተከራየን። አከራዩ ካርድ አይቀበልም። ስለዚህ ክፍያው ከእኔ ሂሳብ በባንክ ዝውውር ሄደ፤ ደረሰኙም በእኔ ስም ተቆረጠ። አከራዩ ተጨማሪ መድን ትፈልጉ እንደሆን ሲጠይቅ የአጎቴ ልጅ ፈገግ ብሎ ቦርሳውን መታ መታ አደረገ። «ካርዴ አለው» አለ።

ጥር 9 ቀን፣ ሞላሌን አልፈን ወደ መሐል ሜዳ ስንጠጋ፣ የበግ መንጋ መንገዱን ዘጋው። መንዝ ነው፤ በግ ቢያጋጥም አይገርምም። ሹፌሩ በጎቹን ለማዳን ሲል መሪውን ጠመዘዘ፣ መኪናው ጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኛ። በጎቹ ተረፉ። እኛም ተረፍን፤ ብቻ የአጎቴ ልጅ ቀኝ ክንድ ሁለት ቦታ ተሰበረ። መሐል ሜዳ የመጀመሪያ ሕክምና ተደረገለት፣ ወደ ደብረ ብርሃን ተላከ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተሠራለት። ሆስፒታሉ ቢላ ከማንሳቱ በፊት በቅድሚያ የጠየቀው 180 ሺህ ብር ነው። ያንን ገንዘብ ቤተሰቡ በአንድ ሌሊት አሰባሰበ። ከውስጡ 60 ሺው ታላቅ እህቴ ለሠርጓ ያስቀመጠችው ነበር።

«ችግር የለም፣ ካርዱ ይመልሰዋል» አለ የአጎቴ ልጅ። ደግሞም ከልቡ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራት የእሱ ጸሐፊ ሆኜ አሳለፍኩ ማለት ይቻላል። ካርዱን ሲያወጣ የተላከለትን የጥቅማ ጥቅም መጽሐፍ በፒዲኤፍ ላከልኝ። እሱ ከፍቶት አያውቅም። እኔ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ አሰልቺ ነገር ማንበብ ለምጃለሁ፤ ተቀምጬ አነበብኩት።

መጀመሪያ የኪራይ መኪናውን ክፍል አየሁ። ይሄ ሽፋን የሚሠራው አከራዩ የሚሸጠውን መድን እምቢ ብላችሁ፣ ሙሉ ኪራዩን በዚያው ካርድ ስትከፍሉ ነው። እኛ ካርዱን አልነካነውም። ተከራዩ ራሱ ካርዱ ላይ ስሙ ያለ ሰው መሆን አለበት፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። የሚነዳውም ተከራዩ ወይም ውሉ ላይ የተጻፈ ሰው ነው፤ ከመኪናው ጋር የመጣ ቅጥር ሹፌር የሚባል ነገር የጽሑፉ ሐሳብ ውስጥ የለም። ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በሚሰጡ ብዙ የቪዛ ካርዶች ውል ላይ የኋላ ጭነቱ ክፍት የሆነ መኪና አይሸፈንም። ፒክአፕ ማለት ነው! መንዝ፣ ግሼ ወይም መርሐ ቤቴ ሄዶ የሚያውቅ ሰው እዚያ አካባቢ የምትመረጠው መኪና የትኛዋ እንደሆነች ያውቃል። ከመደበኛ መንገድ ውጭ የደረሰ አደጋም አይካተትም፤ እኛ የላክነው ፎቶ ላይ ደግሞ አስፋልት የሚባል አይታይም። የአጎቴ ልጅ ከመምጣቱ በፊት ያረጋገጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሽፋኑ የማይሠራባቸውን አገሮች ዝርዝር። እስራኤል፣ ጃማይካ፣ አየርላንድና ሰሜን አየርላንድ አሉ። ኢትዮጵያ የለችም። በቃ፣ ተሸፍኛለሁ አለ።

ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ የሚከፈለው ለመኪናው ብረት ነው። ለክንዱ አይደለም።

ስለ ክንዱ የሚያወራውን ክፍል ሳገኘው ሳቄም እንባዬም አብሮ መጣ። «የጉዞ አደጋ መድን» ይላል፣ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር። የአጎቴን ልጅ ያማለለው ይሄ ቁጥር ነው። ወረድ ብሎ ሲነበብ የሚከፈለው ለሞት ወይም ለአካል መታጣት ነው፤ እጅ ከተቆረጠ ይከፈላል፣ ከተሰበረ አይከፈልም። ያውም ተሳፋሪ በሆናችሁበት አውሮፕላን፣ ባቡር፣ መርከብ ወይም አውቶቡስ ላይ ሲደርስ ነው። የሕክምና ወጪ የሚል ክፍል በእሱ ካርድ ላይ ጭራሽ አልነበረም። በስሙ ውስጥ «ጉዞ» እና «አደጋ» የሚሉ ቃላት ስላሉ ብቻ ሕክምና ያለ መስሎት ነበር።

ውድ ካርድ ቢሆንስ? ለምሳሌ ቼዝ ሳፋየር ሪዘርቭ የሚባለው፣ ዓመታዊ ክፍያው 550 ዶላር በነበረ ጊዜ፣ ለድንገተኛ ሕክምና የሚከፍለው እስከ 2,500 ዶላር ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን 50 ዶላር ደግሞ ራሳችሁ ትከፍላላችሁ። አሁን ይሄን ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር አስተያዩት። ሸንገን ቪዛ የጠየቃችሁ ታውቁታላችሁ፦ አውሮፓውያኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ካላያችሁልን ቪዛ የለም ይላሉ። ማለትም የአሜሪካ ሀብታም ካርድ የሚሰጠው የሕክምና ሽፋን፣ አውሮፓ ለአንድ አዲስ አበቤ ተማሪ ከምትጠይቀው አንድ አሥረኛውን አይሞላም።

ያው ካርድ ታማሚን ለማጓጓዝ ግን እስከ 100,000 ዶላር ይከፍል ነበር። ጥሩ ገንዘብ ነው። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ በዚህ ዓይነት ሽፋን ውስጥ አጓጓዡን የሚመርጠውና የሚልከው የመድን ሰጪው የእርዳታ ማዕከል ነው። መጀመሪያ ደውላችሁ ፈቃድ ታገኛላችሁ። ራሳችሁ መኪና ለምናችሁ በሽተኛውን ካደረሳችሁ ክፍያ የለም። የመንዝን ደጋ አስቡት። አንድ ሰው ከመንገድ ርቆ ገደል ሥር ቢወድቅ የሚመጣው የመንደሩ ወጣት ነው፣ ቃሬዛ ይዞ። ተፈራርቀው ተሸክመው ዋናው መንገድ ድረስ ያወጡታል። ማንም ቨርጂኒያ ያለ የስልክ ኦፕሬተር እስኪፈቅድ አይጠብቅም፤ ቢጠብቅ ሰውየው ይሞታል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በነገራችን ላይ ብዙ የጉዞ መድን ውሎች ለእግር ጉዞ የከፍታ ጣሪያ አላቸው። መሐል ሜዳ ደግሞ ከተማዋ ራሷ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ናት። ቡና ሊጠጣ የወጣ ሰው ከጣሪያው በላይ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን ለፍትሕ ሲባል መናገር አለብኝ። ካርዱ ጨርሶ አልካደውም። የአጎቴ ልጅ በቀዶ ሕክምናው ምክንያት የመመለሻ በረራው አልፎት ነበር፤ ትኬቱ ደግሞ በካርዱ የተገዛ ነው። በጉዳት ምክንያት ለተቋረጠ ጉዞ የሚከፍል ክፍል አለ፤ የሐኪም ማስረጃና ደረሰኝ አቅርቡ ይላል። አቀረብን።

ተመለሰ። ምክንያቱን ስሙ። ማስረጃው ላይ የአደጋው ቀን 09/05/2015 ተብሎ ተጽፏል። እኛ «ጥር 9 ቀን 2015» ብለን እናነበዋለን። እነሱ «ሴፕቴምበር 5፣ 2015» ብለው አነበቡት። የአጎቴ ልጅ በእነሱ አቆጣጠር በ2023 የመጣ ሰውዬ፣ ክንዱን የሰበረው ከሰባት ዓመት በፊት፣ ካርዱንም ሳያወጣ ሆነና አረፈው። ይባስ ብሎ የትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርት አደጋው የደረሰው በ8:00 ሰዓት ነው ይላል፣ ልክ ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። የኪራይ ውሉ ግን በኮምፒውተር የታተመ ስለሆነ መኪናውን የተረከብነው በ9:00 ነው ይላል፣ ጠዋት፣ በፈረንጅ። መኪናውን ከመረከባችን ከአንድ ሰዓት በፊት ገለበጥነው ማለት ነው። የእኛን አቆጣጠር የሚያስረዳ ደብዳቤ ጽፌ፣ ሁሉንም አስተርጉመን፣ አስመስክረን ላክን። ለመጠየቂያው የተሰጠን ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ስለነበር ለጥቂት ነው የደረስነው። በመጨረሻ የትኬት መቀየሪያውን ገንዘብ መለሱለት።

ያኔ ገባኝ። ካርዱ የሚያውቀው ትኬቱን ነው። ሰውየውን አያውቀውም። ትኬት፣ ሆቴል፣ የጠፋ ሻንጣ፣ የዘገየ በረራ፣ እነዚህ በካርድ የተከፈለባቸውና ጣሪያቸው የሚታወቅ ነገሮች ናቸው። የሰው አካል ጣሪያ የለውም፤ ስለዚህ ወይ ይተውታል ወይ በትንሽ ቁጥር ያጥሩታል።

ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ነው እኔን እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ይበልጥ የሚስበኝ። «ነፃ» የሚባለው መድን አረቦን አለው፤ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው እንጂ። ካርዱ በተፈተገ ቁጥር ነጋዴው ከሽያጩ ላይ የተወሰነ መቶኛ ይቆረጥበታል። ባንኩ ከዚያ ገቢና ከዓመታዊ ክፍያው ላይ ቀንሶ ለሚሊዮን ደንበኞች በጅምላ መድን ይገዛል። ማንም ዕድሜህ ስንት ነው፣ ስኳር አለብህ ወይ፣ የት ነው የምትሄደው ብሎ አይጠይቅም። ሳይጠይቁ ርካሽ አድርጎ ለመሸጥ ያለው መንገድ አንድ ነው፦ አደጋው የከበደበትን ቦታ ሁሉ አስቀድሞ ማስወጣት። አብዛኛው ሰው መጽሐፉን እንደማያነብ፣ ካነበበም እንደማይጠይቅ ማወቅ የሒሳቡ አካል ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ካርድ ሳይፈተግ በጥሬ ብርና በባንክ ዝውውር በሚኖርበት አገር ለዚያ መድን አስተዋጽኦ የሚሆን ሳንቲም አይመነጭም፤ ሽፋኑም አብሮ አይመጣም።

ስጦታ ደግሞ ይነሳል። ዲስከቨር በ2018 (በፈረንጅ) የካርዶቹን የበረራ አደጋና የኪራይ መኪና ሽፋን አቆመ፤ ሲቲ በመስከረም 2019 የአብዛኞቹን ካርዶቹን የጉዞ መድን አነሳ። ደንበኛው የሚያውቀው በሚላክለት ማስታወቂያ ነው፣ ያም ከከፈተው።

እስካሁን ያወራሁት ሰላም ስለነበረበት ወር ነው። ያ ጉዞ ስድስት ወር ቢዘገይ ኖሮ ይሄ ሁሉ ክርክር አያስፈልግም ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በጥር 2016 ለአራት ወር ተራዘመ። አዋጁ ጊዜው አልፏል፣ ግጭቱ ግን አብሮት አላለፈም። በካርድ መድን ውሎች ውስጥ «ጦርነት፣ አመፅ፣ ሕዝባዊ ነውጥ» የሚል መስመር ፈልጋችሁ አታጡም፤ የማይሸፈኑ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ነው የሚገኘው። ብሪታንያ የሚኖሩ ዘመዶች ያሏችሁ ይሄንን ንገሯቸው፦ እዚያ አብዛኛው የጉዞ መድን መንግሥት «አትሂዱ» ወዳለበት አካባቢ ከሄዳችሁ ዋጋ ያጣል፤ ስለ አማራ ክልል ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። አደጋው ከግጭቱ ጋር ምንም ባይገናኝ፣ ደረጃ ላይ አንሸራቷችሁ ብትወድቁ እንኳ።

ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበርም አትርሱ። «በአፑ በኩል ሪፖርት አድርጉ» የሚል ውል ለዚያ ጊዜ ምን ይጠቅማል?

እኛስ፣ እዚሁ ያለነው? ባንኮቻችን የሚሰጡን የቪዛና የማስተርካርድ ካርዶች በአብዛኛው ዴቢት ወይም አስቀድሞ የሚሞሉ ናቸው፤ ለዱባይ፣ ለናይሮቢ፣ ለትምህርት ጉዞ እየያዝናቸው እንወጣለን። አርማውን አይቶ «ቪዛ እኮ ኢንሹራንስ አለው» የሚል ሰው ብዙ ገጥሞኛል። አርማው መድን አይደለም። ጥቅሉን ገዝቶ ካርዱ ላይ የሚያክለው ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ ነው፤ ካልገዛ የለም። ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ሸንገን የምትሄዱ ለቪዛው ብላችሁ የምትገዙት የመድን ወረቀት ኤምባሲ አስገብታችሁ የምትረሱት አይሁን፤ ከካርዱ ይልቅ እሱ ነው የሚያክማችሁ። ጀርባው ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ከዚያ አደጋ ጋር በተያያዘ ወዲያው፣ ያለ ክርክር የሠራ መድን የትኛው እንደነበር ታውቃላችሁ? የመኪናው መስታወት ላይ የተለጠፈችው ስቲከር። የሦስተኛ ወገን መድን። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ አዋጁ ያኔ ያስቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። ያኔ በነበረው ምንዛሪ 37 ዶላር ገደማ። ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ፤ የብሩን አቅም ደግሞ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ሁላችንም አይተነዋል። ግን መሐል ሜዳ ላይ ማንም ካርድ አምጣ አላለንም። ክንዱ ታሰረ፣ ሕመም ማስታገሻ ተወጋ፣ ሪፈራል ተጻፈለት።

ወደ አክስቴ ልመለስ። በሚቀጥለው ቀን ካርዷን ላከችልኝ፣ የጥቅም መጽሐፉን አብረን አነበብን። ትኬት ከተሰረዘ፣ ሻንጣ ከጠፋ ይከፍላል። ሕክምና የለውም። «እኔ እኮ ሜዲኬር አለኝ» አለች። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይሠራም፤ ይሄንን የማያውቁ በዕድሜ የገፉ ዳያስፖራዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለብቻው የሚሸጥ የጉዞ ሕክምና መድን ፈለግን። የነበረ ሕመምን የሚያካትቱ አሉ፤ አንዳንዶቹ ግን የጉዞው የመጀመሪያ ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ካልተገዙ አያካትቱም። ሁሉም የጦርነት መስመር አላቸው። መንዝ በሚለው ቃል ላይ ሁሉም ቆሙ።

በመጨረሻ የተስማማነው እሷ አዲስ አበባ ትምጣ፣ አያቴ ደግሞ መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቀን ወደ ደብረ ብርሃን ይውረዱ በሚለው ነው። ለአያቴ ደወልኩ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ያዙ፤ አክስቴም በሌላ መስመር አብራን ነበረች።

አያቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር አላቸው። በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ደብተሩን ከመቀነታቸው አይለዩትም፣ የት የት እንደሚሠራ በቃላቸው ያውቁታል። ጥያቄዬን ጨርሼ ዝም ስል ትንሽ አሰቡና፦

«ሪፈራል ሳልይዝ ደብረ ብርሃን ብታመም ማን ሊከፍልልኝ ነው?» አሉ።

አክስቴ ከወዲያ ማዶ፣ «ሪፈራል ምንድን ነው?» አለች። አያቴ ማስረዳት ጀመሩ። ትኬቱ እስካሁን አልተቆረጠም።